ከባድ ጭነት የሚጭን ባለሦስት ጎማ ሞተር አነሳስ፦ በስታርተር፣ በእግርና እምቢ ሲል

የጭነት ባለሦስት ጎማ ልቡ የሞተር ሳይክል ሞተር ነው። አንድ ሲሊንደር አለው፣ ባለአራት ምት ነው፣ የሲሊንደሩ ይዘትም አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ሲሲ ይደርሳል። አነሳሱ ግን ከሞተር ሳይክል በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። ሞተር ሳይክል ማርሽ ውስጥ እንዳለ ስታርት ቢጫን ተንገጭግጮ ይቆማል ወይም ይወድቃል። ባለሦስት ጎማው በራሱ እግር የቆመ ስለሆነ አይወድቅም፤ ይሄዳል። አንደኛ ማርሽና የኋላ ማርሽ በጣም የተቀነሱ በመሆናቸው ሞተሪኖው (ስታርት ሲጫን ሞተሩን የሚያዞረው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር) ብቻውን ሙሉ ተሽከርካሪውን ሊገፋ ይችላል። በዚያ ቅጽበት ሞተሩ ከተነሳ፣ ከፊት ወይም ከኋላ የቆመ ሰው አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ የማስነሳት ሥራ የሚጀምረው ከቁልፍ ሳይሆን ከማርሽና ከእጅ ፍሬን ነው።

ቁልፍ ከመዞሩ በፊት

የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይሳቡ። ተዳፋት ላይ ከቆመ ወይም ጭነት ካለበት በኋላ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ያስገቡ፤ የእጅ ፍሬን ካቦ በጊዜ ብዛት ይለጠጣልና በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም። ከዚያ ማርሹን ዜሮ ላይ ያድርጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሾፌር የሚስተው ነገር አለ፦ ከባድ ሞዴሎች ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት የማርሽ ዘንግ አላቸው። በእግር የሚቀየረው ዋናው ማርሽ ነው። በእጅ የሚያዘው አንዱ ዘንግ ፊትና ኋላ የሚመርጥ ሲሆን፣ ሌላው ካለ ደግሞ ኃይል የሚጨምረውን ቀርፋፋ ማርሽና የመንገዱን ፈጣን ማርሽ ይመርጣል። ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው አረንጓዴ መብራት የምትናገረው ስለ ዋናው ማርሽ ብቻ ነው። መብራቷ እንኳ ብትበራ፣ ፍሬኑን ለአፍታ ለቀው ተሽከርካሪውን ወደፊትና ወደኋላ በእጅ ትንሽ ያወዛውዙት። በነፃ ከተንቀሳቀሰ በእርግጥ ዜሮ ነው፤ ከያዘ ማርሽ ውስጥ ነው። ጭነት ካለበትና የሚወዛወዝ ካልሆነ፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ በእጅና በእግር ፈትሹ። የመገልበጫ ሳጥን ያለው ከሆነ የመገልበጫው ዘንግም ከሥራ ውጭ መሆኑ ይታይ።

ዘይት የሚለካው ሜዳ ላይ ነው። የኋላው ተጭኖ ወደ ኋላ ከተጋደመ ልኬቱ ይዋሻል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ይጥረጉት፣ መልሰው ያስገቡት፤ አብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ዘንጉ ጥርሱ ላይ ብቻ ያርፋል እንጂ አይጠበቅም። ጠብቆ የሚለካ ሰው ዘይቱ ከላይኛው መስመር በላይ የሞላ መስሎት ሳይሞላ ይቀራል። እነዚህ ሞተሮች የሚይዙት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ሁለት መቶ ሚሊሊትር መጉደል እንኳ ቀላል አይደለም። ዘይቱን ያሽትቱትም። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነና ልኬቱ ካለፈው ጊዜ ከፍ ካለ፣ ካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) ሌሊት ሲያፈስ አድሯል፤ ቤንዚኑ በሲሊንደሩ ወርዶ ዘይቱን አቅጥኖታል። እንዲህ ያለውን ሞተር አያስነሱት። ዘይቱ ተቀይሮ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ መርፌ መዝጋቷ ተረጋግጦ ነው የሚነሳው።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ራዲያተሩን ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይክፈቱና ይዩ፤ ሞቆ ሳለ ክዳኑን መክፈት ፊትን በፈላ ውሃ ማቃጠል ነው። የካርቡራተሩ ቤንዚን መክፈቻም ክፍት መሆን አለበት። መክፈቻው ሦስት ቦታ አለው፦ ክፍት፣ ዝግ እና መጠባበቂያ። መጠባበቂያ ላይ ትተውት ከነዱ፣ ቤንዚን ሲያልቅ ማስጠንቀቂያ የለዎትም።

በመጨረሻ ቀኝ እጀታ ላይ ያለው ቀይ የሞተር ማጥፊያ "አብራ" በሚለው በኩል መሆኑን ይመልከቱ። ብዙ "አልነሳ አለ" የሚባል ሞተር የተዘጋው በዚህች ማብሪያ ብቻ ነው።

ቀዝቃዛ ሞተር በስታርተር

ሞተሩ አድሮ ከሆነ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። ቾክ አየር ይቀንሳል፣ ቤንዚን አይጨምርም፤ ግን አየር ሲያጥር ሞተሩ የሚስበው ውህድ በቤንዚን የበለፀገ ይሆናል። ቀዝቃዛ ሞተር ይህን የሚፈልገው ቤንዚኑ በብርዱ በደንብ ስለማይተን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ፣ ግማሽ ቾክ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሙሉውን ለብርዳማ ማለዳ ያቆዩት።

ቁልፉን ያዙሩ፣ መብራቶቹ ይብሩ። ትልቁን የፊት መብራት አያብሩ፤ ባትሪው ያለው ኃይል ሁሉ ለሞተሪኖው ይድረስ። ፍሪሲዮኑን እስከ ጫፍ ይያዙ፤ ማርሹ ዜሮ ቢሆንም ይያዙ፤ አንዳንድ ሞዴል ላይ ፍሪሲዮን ሳይያዝ ስታርት ጭራሽ አይሠራም። ያም ባይሆን ከያዙት የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ክፍሎች ከሞተሩ ስለሚለዩ፣ ወፍራም ቀዝቃዛ ዘይት ውስጥ አብረው እንዲዞሩ ሞተሪኖው አይገደድም። የነዳጅ መስጫውን እጀታ አይንኩት። ቾክ ላይ እያለ ነዳጅ መስጠት አየሩን መልሶ ይከፍታል፤ ቾኩ የሠራውን ያፈርሳል።

ስታርቱን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይጫኑ። ካልተነሳ ይልቀቁና 10 ወይም 15 ሰከንድ ይጠብቁ። ይህ ዕረፍት የግድ ነው። ሞተሪኖ ሲሠራ እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ በሰከንዶች ይግላል፤ ባትሪውም ኃይሉን መልሶ ለማሰባሰብ ጥቂት ጊዜ ያስፈልገዋል። ያለማቋረጥ ሠላሳ ሰከንድ የሚጫን ሰው ሁለቱንም አብሮ ይገድላል። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልተነሳ አራተኛው አያስነሳውም፤ ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል።

ሲነሳ ወዲያው ነዳጅ አይጨምሩበት። ድምፁ ከፍ ብሎ ሲረጋጋ ቾኩን ግማሽ ይመልሱ፣ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት። ቾክ ላይ ተትቶ የሚሠራ ሞተር ካንዴላውን በጥቀርሻ ያጠቁራል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል። ይህ የሚያስከትለው ጉዳት በአንድ ቀን አይታይም፤ በዓመት ግን ቀለበቶቹን ይበላል።

በካርቡራተር ፋንታ ነዳጅ በኤሌክትሪክ የሚረጭ ኢንጀክሽን ያለው ከሆነ ቾክ የለውም፣ ፋንታውንም አይፈልግም። ቁልፉን ሲያዞሩ ከታንኩ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ የሚቆይ ጩኸት ይሰማል፤ ያ የነዳጅ ፓምፑ ግፊት ሲሞላ ነው። ጩኸቱ እስኪቆም ጠብቀው ስታርት ይጫኑ። ጩኸቱ ካልተሰማ ፓምፑ ኤሌክትሪክ አላገኘም ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ስታርት መጫን ባትሪ ማባከን ነው።

በእግር ማስነሳት

የእግር ፔዳል ያለው ሞተር በሁለት መንገድ ይነሳል፤ ባትሪ ሲደክም ይህ ትልቅ ሀብት ነው። አቀማመጡ ከሞተር ሳይክል የተለየ በመሆኑ ግን ቆመው ይሥሩት፤ እግርዎ ከጎማና ከፍሬን ዘንግ የራቀ መሆኑን ያረጋግጡ። ጫማው ከእግር የማይወልቅ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። በክፍት ጫማ ፔዳል መርገጥ ቁርጭምጭሚት መስበር ነው።

ቁልፍ ክፍት፣ ቾክ እንደ ብርዱ፣ ማርሽ ዜሮ። ፔዳሉን ቀስ ብለው ወደ ታች ይግፉ፤ የሆነ ቦታ ላይ ጠንከር ብሎ ይመልስብዎታል። ያ ፒስተኑ አየሩን እያመቀ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ነው። በግድ አያሳልፉት፤ ፔዳሉን ቀስ ብለው ገፍተው ያንን ነጥብ ጥቂት ያሳልፉት፣ ከዚያ ፔዳሉ ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ይተዉት። አሁን ሞተሩ በነፃ ዙር ለመጀመር ተዘጋጅቷል፤ ክብደትዎን ጥለው ከላይ እስከ ታች በአንድ ረጅም ምት ይርገጡ። ግማሽ ምት አይሠራም፤ ሞተሩ በሚፈነዳበት ጊዜ እግርዎ ገና መንገድ ላይ ስላለ ፔዳሉ ተመልሶ ይመታዎታል። ከታች ሲደርስ ጉልበትዎ በትንሹ እንደታጠፈ ይሁን፤ ቀጥ አድርጎ መቆለፍ አይገባም። ከረገጡ በኋላ እግርዎን አንሱ፤ ፔዳሉ ራሱ ይመለስ።

አንዳንድ ሞተር ላይ የፔዳሉ ጉልበት በፍሪሲዮኑ በኩል ስለሚያልፍ ፍሪሲዮን እንደያዙ ቢረግጡ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ በእግር ሲነሳ ፍሪሲዮኑን ይልቀቁት። ሳይያዝም ፔዳሉ ሳይከብድ ባዶ የሚወርድ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ሳህኖች አልቀዋል ወይም ያንሸራትታሉ፤ እንዲህ ያለ ሞተር ጭነት ሲጫንበትም ዳገት ላይ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ጎማው ግን አይፈጥንም።

ያልሞቀ ሞተርን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ረግጠው ካልተነሳ ቾኩን ግማሽ መልሰው ነዳጁን ከ1/8 ባልበለጠ ከፍተው ይሞክሩ። ከአሥር ርግጫ በላይ መሄድ ቤንዚን ማብዛት ነው።

ሞቆ የቆመ ሞተር

ከአጭር ዕረፍት በኋላ ቾክ አያስፈልግም። ነዳጁን በጣም ትንሽ ከፍተው ስታርት ይጫኑ። ሞቆ ሳለ አልነሳ የሚል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ያለ ችግር የሚነሳ ሞተር ሦስት ነገር ይጠረጠራል። የመጀመሪያው ቤንዚኑ በሙቀት ካርቡራተር ውስጥ መፍላቱ ነው፤ ይህ ጥላ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሲያርፍ ይጠፋል። ሁለተኛው ቫልቭ መጥበቁ ነው። ሞተር ሲሞቅ የቫልቩ ዘንግ ይረዝማል፤ ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ እምቁ አየር ያመልጣል። ሦስተኛው ሲሞቁ የሚደክሙት የኤሌክትሪክ ክፍሎች ናቸው፦ ቦቢና (ለብልጭታው ቮልቴጅ የሚያሳድገው ጥቅል)፣ ሲዲአይ (የብልጭታውን ጊዜ የሚቆጣጠረው ሳጥን) እና በሞተሩ ጎን ያለው ምልክት ሰጪ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞተሩ እምቢ ባለበት ቅጽበት የካንዴላውን ብልጭታ መፈተን ነው፤ ሲቀዘቅዝ መፈተን ምንም አያሳይም።

ስታርት ሲጫን ዝም ካለ

ምን እንደሚሰማ ያዳምጡ፤ ድምፁ ግማሹን ጥያቄ ይመልሳል።

ምንም ድምፅ ከሌለና ዳሽቦርዱም ካልበራ ከባትሪው ጋር ያለውን ፊውዝ ይዩ፤ ብዙውን ጊዜ የ15 ወይም የ20 አምፔር ነው። የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ ማገናኘት መስመሩን በሙሉ ለቃጠሎ መስጠት ነው። ዳሽቦርዱ በርቶ ስታርት ዝም ካለ ደግሞ የማጥፊያውን ማብሪያ፣ የፍሪሲዮኑን ማብሪያና የዜሮ ማርሹን ማብሪያ በየተራ ይፈትሹ።

አንድ ጊዜ ብቻ "ቀጭ" ብሎ ዝም ካለ ሬሌው (ኤሌክትሪክን ወደ ሞተሪኖው የሚያስተላልፈው ማብሪያ) ሠርቷል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ኤሌክትሪክ አልደረሰም። በመጀመሪያ የባትሪውን ተርሚናሎች ይንኩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው ያጥብቁ። ሲፈቱ ጥቁሩ፣ ማለትም ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰርም ኔጋቲቩ ይከተላል። የመፍቻው ቁልፍ በድንገት ሻሲውን ቢነካ እንዳይፈነዳ የሚያደርገው ይህ ቅደም ተከተል ነው። የማሳው ሽቦ (ከባትሪው ኔጋቲቭ የሚመጣው) ሻሲው ላይ የታሰረበትም ቦታ ከዝገትና ከቀለም ነፃ መሆን አለበት። ጭነት የሚሸከም ሻሲ ይንቀጠቀጣል፣ ጭቃም ይገባዋል፤ ባትሪው ደህና ሆኖ ማሳው የሚበላሸው ለዚህ ነው።

"ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ" እያለ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ከሆነ ባትሪው ደክሟል። ቴስተር ካለዎት ይለኩት። ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ ጥሩ ባትሪ ከ12.6 ቮልት በላይ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ቀርቷል፤ 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቻርጅ ያስፈልገዋል። ስታርት ሲጫን ልኬቱ ከ9.6 ቮልት ከወረደ ባትሪው ሸክም አይችልም፤ ሞልቶ እንኳ ይህን የሚያሳይ ከሆነ ይለወጥ። ሞተሩ ተነስቶ ድምፁ ትንሽ ከፍ ሲል ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ከዚያ ካነሰ ቻርጅ አያደርግም፤ አዲስ ባትሪ ቢገዛለትም ያው ይጠፋል። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ የቻርጅ መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው።

ከሌላ ባትሪ ማስነሳት ሲያስፈልግ የሌላኛው ተሽከርካሪ ባትሪ 12 ቮልት መሆኑ ይረጋገጥ፤ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ስለሆኑ አይነኩም። የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ይቆይ። ቀይ ሽቦ ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከመኪናው ኔጋቲቭ ወደ ባለሦስት ጎማው ሻሲ ወይም ባዶ የብረት ቦታ ይታሰር፤ ከደከመው ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ ማሰር ብልጭታው ባትሪው ከሚያወጣው ጋዝ ጋር እንዲገናኝ ያደርጋል።

ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

ለመነሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ቤንዚን ከአየር ጋር፣ ብልጭታ እና እመቃ። ቀላሉ ቤንዚኑን መጀመሪያ መፈተሽ ነው። የካርቡራተሩ ጎድጓዳ ታች ላይ ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን በካቻቢቴ ትንሽ ይፍቱ፤ ከሥሯ ትንሽ ዕቃ ያስቀምጡ። ንጹሕ ቤንዚን ከፈሰሰ መስመሩ ክፍት ነው። ካልፈሰሰ የታንኩን ክዳን ይክፈቱና እንደገና ይሞክሩ፤ ክዳኑ ሲከፈት "ፍስ" ብሎ አየር ከገባና ቤንዚኑ መውረድ ከጀመረ የክዳኑ የአየር ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው። ይህ ችግር ያለበት ሞተር ሲነሳ ደህና ይመስላል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። የፈሰሰው ላይ ከሥር የተለየ ጠብታ ከታየ ውሃ ገብቷል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል። ሙሉ በሙሉ ያፍስሱት።

ቤንዚኑ ከአንድ ወር በላይ ቆሞ ከሆነ ያፍስሱት። ሲያረጅ ይደርቅና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ ሙጫው ደግሞ ካርቡራተር ውስጥ ለሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ለሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) የምታገለግለውን ትንሿን ቀዳዳ ይደፍናል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሞተሩ ቾክ ላይ ይነሳል፣ ቾኩ እንደተከፈተ ይጠፋል። መፍትሔው ጄት የምትባለውን ቁራጭ ፈትቶ በአየር ግፊት መንፋት ነው። በሽቦ መጎርጎር ቀዳዳዋን ያሰፋትና ለወደፊቱ ሁሉ ችግር ይፈጥራል።

ከዚያ ካንዴላው ይወጣል። ሞተሩ ሞቆ ከሆነ ይቀዝቀዝ፤ የአሉሚኒየም ጥርስ ሞቆ ሳለ ይነቀላል። ካንዴላው ምን እንደሚመስል ይዩ፦

እርጥብና ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። ጥቁር ጥቀርሻ ከያዘ ውህዱ በጣም ሀብታም ነው፤ ምክንያቱ የተዘጋ የአየር ፊልትሮ ወይም ቾክ ሊሆን ይችላል። ዘይት ከቀባው ቀለበት ወይም የቫልቭ ማተሚያ አልቋል።

የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ሰፋ ካለ ብልጭታው ደካማ ባትሪ ላይ መዝለል ያቅተዋል። ብልጭታውን ለመፈተን ካንዴላውን ኮፍያው ውስጥ ያስገቡ፣ ብረቱን ከሲሊንደሩ ራስ ብረት ጋር ያስነኩት፤ እጅዎ ባዶ ሽቦ ላይ አይሁን። ብልጭታው ቤንዚን የሚተንበት ቀዳዳ አጠገብ መሆን የለበትም፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ይሸፍኑ። ስታርት ሲጫን ወይም ፔዳል ሲረገጥ ሰማያዊና ወፍራም ብልጭታ መታየት አለበት። ቢጫና ቀጭን ከሆነ መጀመሪያ ኮፍያው ይለወጥ፣ ካንዴላውም አዲስ ይሞከር፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቦቢና የሚኬደው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር ሲዲአይ ከሁለት ዓይነት አንዱ መሆኑ ነው። አንደኛው ኤሌክትሪኩን ሞተሩ ውስጥ ካለው ከራሱ ጥቅል ያገኛል፤ ባትሪው ቢወጣ እንኳ በእግር ይነሳል። ሌላኛው ከባትሪ ይመገባል፤ ባትሪው ከሞተ ፔዳል መርገጥ አያስነሳውም። የትኛው እንደሆነ በሰላም ጊዜ ባትሪውን ነቅለው አንድ ጊዜ በእግር ቢያስነሱት ያውቁታል፤ ከባትሪ የሚመገበው ዝም ይላል። ባትሪው የሚነቀለው ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ይሁን፤ እየሠራ ሳለ ባትሪ መንቀል መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ካንዴላውን መልሰው ሲያስገቡ በእጅ እስኪያርፍ ያዙሩት፣ ከዚያ ቁልፍ ይያዙ። አዲስ ከሆነ ግማሽ ዙር ያህል፣ ያገለገለ ከሆነ 1/8 ዙር ብቻ ይጠበቅ።

ቤንዚን የበዛበትን ሞተር ማስነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቤንዚን መክፈቻውን ይዝጉ፣ ቾኩን ይክፈቱ፣ ካንዴላውን አውጥተው ያድርቁ። የነዳጅ መስጫውን እጀታ ሙሉ በሙሉ ከፍተው፣ ቁልፍ ዝግ ሳለ፣ ፔዳሉን ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ይርገጡ፤ ያለው ትርፍ ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። አካባቢው ላይ ሲጋራ፣ እሳትና ብልጭታ አይኑር። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ካንዴላውን ያስሩ፣ መክፈቻውን ይክፈቱ፣ ያለ ቾክ ነዳጁን ሩብ ያህል ከፍተው ያስነሱ።

ቤንዚንና ብልጭታ ካለ፣ የቀረው እመቃ ነው። ካንዴላው በወጣበት ቀዳዳ ላይ አውራ ጣትዎን ይጫኑና ፔዳሉን ይርገጡ፤ ጣትዎን አጥብቆ ካልገፋው አየር ይፈሳል። የቫልቭ ክፍተት ሲፈተሽ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ፒስተኑ እመቃ ላይ ከላይ ደርሶ ነው የሚለካው። ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ነው፤ የሞተሩ መመሪያ የሚለውን ቁጥር ይዘው ይሥሩ። ክፍተቱ ትክክል ሆኖ እመቃው ደካማ ከሆነ ቀለበትና ሲሊንደር ወደሚያይ መካኒክ ይሂዱ።

ገፍቶ ስለማስነሳት

ባለሦስት ጎማን ገፍቶ ማስነሳት በሞተር ሳይክል ልማድ አይደረግም። ክብደቱ ባዶውን ጥቂት መቶ ኪሎ ስለሚደርስ፣ አንዴ ሲፈጥን ማስቆም ይከብዳል። ጭነት ካለበት ጭራሽ አይሞከር። ቁልቁለት ላይም አይሞከር፤ ሞተሩ ካልተነሳ የሚያስቆምዎት ፍሬን ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ባዶ ሆኖ ሁለት ሰው ከኋላ የሳጥኑን ጫፍ ይግፉ፤ ሾፌሩ መሪ ላይ ይቀመጥ፣ ፍሪሲዮኑን ይዞ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባ። የሩጫ ያህል ፍጥነት ሲደርስ ፍሪሲዮኑን ፈጥኖ ይልቀቅና፣ ሞተሩ እንደተነሳ መልሶ ይያዘው። ከፊት ማንም አይቁም። ሁለተኛ ማርሽ የሚመረጠው አንደኛው በጣም ስለተቀነሰ ጎማው ከመዞር ይልቅ ስለሚንሸራተት ነው። ሲዲአዩ ከባትሪ የሚመገብ ሆኖ ባትሪው ከሞተ ግን መግፋቱ ዋጋ የለውም።

ተነስቶ ወደ መንገድ

የተነሳ ሞተር ቢያንስ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ። ሚኒሞው በአብዛኛው በደቂቃ 1400 ወይም 1500 ዙር አካባቢ ነው። በዚህ ጊዜ ዘይት ከታች ተነስቶ ላይኛው የቫልቭ ክፍል ይደርሳል። ዘይት ሳይደርስ ነዳጅ መርገጥና ወዲያው ጭኖ መነሳት ቫልቮቹን የሚከፍቱትን የካሙን ጉብታና የሮከሩን ጫፍ ይበላል። ሞተሩ እየሞቀ ሳለ ከስሩ የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ ይዩ፣ የቤንዚን ሽታም ይፈትሹ። በዝግ ቤት ውስጥ አያስነሱ፤ የማርሚታ ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ይዟል፣ ሰው ሳይሰማው ያስተኛዋል።

ጭነት ይዞ ለመነሳት ቀርፋፋ ማርሹ ካለ እሱን ይምረጡ፤ የሚመረጠው ተሽከርካሪው ሙሉ በሙሉ ቆሞ ነው፤ በጉዞ ላይ የሚቀየር ከሆነ ጥርሱ ይሰበራል። ፍሪሲዮን ይያዙ፣ አንደኛ ያስገቡ፣ ነዳጅ ትንሽ ይጨምሩ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ መያዝ ሲጀምርና ሞተሩ ዝቅ ሲል የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ዳገት ላይ ፍሬኑን የሚለቁት ሞተሩ ክብደቱን መያዙን በእጅዎ ሲሰማዎት ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ በግማሽ ፍሪሲዮን መቆየት ሳህኖቹን ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ይቁሙና ጭነቱን ቀንሱ።

ማታ ሲያቆሙ

ነገ ጠዋት በቀላሉ የሚነሳው ሞተር ዛሬ ማታ በሥርዓት የቆመው ነው። ሞተሩን ከሥራ እንደመጣ ቶሎ ሳያጠፉ አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት። ከዚያ ቤንዚን መክፈቻውን ዝጉት፤ ካርቡራተሩ የሚያፈስ መርፌ ቢኖረው ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደር አይወርድም። ለብዙ ሳምንታት የሚቆም ከሆነ መክፈቻውን ዘግተው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይተዉት፣ የካርቡራተሩንም ጎድጓዳ ያፍስሱ፣ ባትሪውን ከተርሚናሉ ይፍቱና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤ በየወሩም ቻርጅ ያድርጉት።